ወደብ ላይ የቆየችው መኪናችን

ዛሬ ረፋድ ላይ ከጅቡቲ የገዛናት አሮጌ መኪና በሰላም ከተማችን መርሳ ገባች። የዕድሜ ልክ ቁጠባችን እሷ ላይ ነው።

አምና ጦርነቱ ሲቃረብ፣ አንድ የጉምሩክ ወረቀት ስለጎደላት «ሳይሟላ አትነሳም» ብዬ ወደብ ላይ አቆየኋት። ጎረቤቴ ጋሽ ይማም «መምህር፣ ጡረታ ወጥተውም ደብተር ያርማሉ?» እያሉ ሳቁብኝ። ብዙም ሳይቆይ ከተማው ተያዘ፤ የሳቸው ፒካፕ ተወሰደች።

ዛሬ ከሁሉ ቀድመው የደረሱት እሳቸው ናቸው። «ዱዓ ሳይደረግ ማንም እንዳይነካት!» አሉ።

እጃቸውን ዘርግተው ሲመርቁ፣ እኔ በጎን የሻንሲ ቁጥሩን ከወረቀቱ ጋር አመሳከርኩ። (ምን ላድርግ፣ ልማድ ነው።)

«አሚን ይበሉ እንጂ መምህር! ያተረፋት እኮ የዚያች ወረቀት በረካ ነው!»

ጮክ ብዬ አሚን አልኩ።

እናንተስ፣ በዚያ ክፉ ጊዜ በመዘግየታችሁ የተረፈላችሁ ነገር አለ?