እኔ እንቁላል አልወለድኩም

ልጄ ዓመት ከመንፈቅ አልፎትም አልሄደም። በዚያ ሰሞን እዚህ ደቡብ አፍሪካ፣ ጆሃንስበርግ ዳር ኦሬንጅ ፋርም ውስጥ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ያላለኝ ሐበሻ የለም። ከጸሎት ስንወጣ ይሉኛል፤ ዕቃ ሊያራግፉ ሲመጡ ይሉኛል፤ እናቴ ከሶዶ ደውላ ትለኛለች። አንድ ቀን ትዕግሥቴ አለቀና አንዱን ሽማግሌ «ጋሼ፣ እኔ እንቁላል አልወለድኩም» አልኳቸው። ባሌ አፍሮ ከሱቃችን መጋረጃ ጀርባ ገባ። እኔ አላፈርኩም። ፈርቼ ነበር፤ ስፈራ ደግሞ ምላሴ አይቻልም።

ልጁ የሎክዳውን ልጅ ነው። አገር ምድሩ በር ዘግቶ በተቀመጠበት ሰሞን ተወለደ። እኛ ግን ምግብ ስለምንሸጥ አልዘጋንም። ስፓዛችን፣ የሰፈር ሱቃችን፣ በአንዲት አሮጊት ግቢ ውስጥ የተከራየናት የቆርቆሮ ክፍል ናት፤ ፊቷ ሱቅ፣ ጀርባዋ መኝታ፣ መሃሏ መጋረጃ። ደንበኛ ሌባ በሚከለክለው በበርግላሩ ብረት መሃል እጁን ያስገባል፣ እኛ ከውስጥ ሆነን ዳቦና የስልክ ኤርታይም እናቀብላለን። ኮሮናው ሲገባ ዕቃ ይጠፋል ተባለና ባሌ ከጀፒ ጅምላ ሻጮች ያገኘውን ሁሉ እያመጣ ከመረው። የፓፕ ገንፎ የበቆሎ ዱቄቱ ጣራ ነካ፤ የለስላሳው ሣጥን አልጋችን ሥር ደረሰ። ልጁ የዳኸው በጆንያ መሃል ነው። ሲቆም የበርግላሩን ብረት ይዞ ይቆማል፤ ከብረቱ ወደ ዱቄቱ፣ ከዱቄቱ ወደ ሣጥኑ፣ ከሣጥኑ ወደ ቀሚሴ ያልፋል። የሚይዘው ነገር ሲያጣ ዝፍ ብሎ ይቀመጣል። እናቴ «ፀሐይ ታሞቂዋለሽ ወይ?» ትለኛለች። የትኛዋን ፀሐይ? እዚያ ክፍል ውስጥ ቀንም በአምፖል ነው የምንሠራው፤ እሱም መብራት ካልጠፋ።

ክሊኒክ ወሰድኩት። ነርሷ በማስክና በፕላስቲክ ተሸፋፍና የሚታየኝ ዓይኗ ብቻ ነበር። እግሩን አጠፈች፣ ዘረጋች፣ ወገቡን ዳሰሰች።

«እግሩ ደህና ይመስላል። ቤት ውስጥ የት ነው የሚጫወተው?» አለችኝ።

«በጆንያ መሃል» አልኳት።

«ቦታ ስጡት። በሚቀጥለው ቀጠሮ ካልሄደ ወደ ሆስፒታል እጽፍለታለሁ፤ ጀርባውንም ጭንቅላቱንም ማየት አለባቸው» አለችኝ።

ጭንቅላቱን ያለችው ነገር እስከ ቤት ተከተለኝ። ቤት ገብቼ ባሌን ዕቃው ይቀነስ አልኩት። «ዕቃ ቀንሰን ምን ልንበላ ነው?» አለኝ። እኔ የሶዶ ልጅ ነኝ፣ እሱ የሆሳዕና፤ የተፋቀርነውም የምንጣላውም በአማርኛ ነው። ያን ቀን አማርኛው አልበቃንም፤ እሱ በሀዲይኛ፣ እኔ በወላይትኛ ስንነጫነጭ ዋልን። በመጨረሻ «የጠፋው ቦታ ከሆነ ቦታ ያለበት እሄዳለሁ» ብዬው ሻንጣ አወጣሁ። የአጎቱ ልጅ ደርባን ሱቅ አለው፣ ኑ ሲለን ዓመታት አልፈዋል። ትምህርት ቤት ለዕረፍት ተዘግቷል፤ በኮሮና የተዘጋው የደርባን ባሕር ዳርቻም ተከፍቷል። ሱቅ ባዶውን አይተውምና ባሌ ቀረ።

የግቢው ባለቤት፣ ሁላችንም ጎጎ፣ አያቴ፣ የምንላቸው አሮጊት፣ ወሬውን ሰምተው ባዶ የኮካ ጠርሙስ ይዘው መጡ። እዚህ ሰው ባሕር ሲሄድ የባሕር ውሃ ይዞ ይመለሳል፤ ለመድኃኒትም ለመታጠቢያም ይላሉ። ከእሳቸው ኋላ ጎረቤቱ ሁሉ ጠርሙስ ይዞ ተከተለ። ባሌ በብረቱ ሥር የተደረደረውን ጠርሙስ አይቶ «አንቺ ሴት፣ ልጅ ልታስኬጂ ነው ወይስ ውሃ ልትቀጂ?» አለኝ። ከተጣላን ወዲህ የሳቅነው ያኔ ነው።

እኔ፣ ዘጠኝ ዓመት የሞላት ትልቋ ልጄና ትንሹ በአውቶቡስ ደርባን ገባን። ከዚያ በፊት የማውቀው ትልቅ ውሃ አባያ ሐይቅ ነው። ይሄኛው ማዶ የለውም፤ ግን ለጉብኝት አልመጣሁም። ልጁን ከጀርባዬ አውርጄ አሸዋው ላይ ላቆመው ስል ሁለት እግሩን ወደ ሆዱ ሰበሰባቸው። በግራ ባወርደው፣ በቀኝ ባወርደው፣ እግር የለም። አንገቴ ላይ ተጠምጥሞ ሰፈሩን በጩኸት አናወጠው። ያ ሁሉ ቦታ ተዘርግቶ ልጄ ቦታውን ፈራው።

በማግሥቱ ወሰድኩት። በማግሥቱም ደገምኩት። እልኸኛ ከሆነ ከእኔ ነው የወረሰው፤ እንተያያለን አልኩ። እኔ ወዲህ፣ ትልቋ ወዲያ እንቆማለን፤ «ና! ና የኔ አንበሳ!» እላለሁ። እሱ መሃል ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ዳኛ ያየናል። ትልቋ «ማሚ፣ ተዪው፣ ሬዲ አይደለም» ትለኛለች። «ሬዲ የሚሆነው መቼ ነው? ስድረው?» እላታለሁ። ቀን እንዲህ እቀልድና ሲመሽ የነርሷ ዓይን ይመጣብኛል። አንድ ጊዜ ፊቴን በነጠላዬ ሸፍኜ አለቀስኩ፤ ከዚያ ታጥቤ ተመለስኩ።

የመጨረሻው ቀን ጧት የሰው አደራ ትዝ አለኝ። ጠርሙሶቹን ይዤ ውሃው ወደነካው አሸዋ ወረድኩ። እርጥቡ አሸዋ እንደ ተመታ ወለል ጠንካራ ነው። ሁለት እጄ ስለተያዘ ልጁን ጠርሙሶቹ አጠገብ አስቀመጥኩት፤ ጠርሙስ አያስፈራውም፣ አብሯቸው ነው ያደገው። ጎንበስ ብዬ የጎጎን ስቀዳ ማዕበሉ መጥቶ አንዱን ባዶ ጠርሙስ ይዞት ሄደ።

ልጁ ተነሣ። የያዘው ነገር አልነበረም፤ የሚይዘውም ነገር አልነበረም። ሁለት እጁን ወደ ላይ አንሥቶ፣ አፉን ከፍቶ፣ እየተንገዳገደ ጠርሙሱን ተከተለ። ወደ ባሕሩ! ስንት ወር ሙሉ «ና» ስል የከረምኩ ሴት «ተመለስ! ተመለስ!» እያልኩ ጮህኩ። እሱ ምን ተዳው፣ ይሄዳል። ትልቋ ከኋላ «ሂ ኢዝ ዎኪንግ! ማሚ፣ ሂ ኢዝ ዎኪንግ!» እያለች ትዘላለች። ስይዘው ውሃው ጉልበቱ ደርሶ ነበር፤ ሁለታችንም ወደቅን። ልጁ ያለቀሰው ለጠርሙሱ ነው።

በኛ ልማድ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቆም ይጨበጨባል፣ «ወፌ ቆመች» ይባላል። እኔ አላልኩም። ጨው ውሃ እየተፋሁ፣ እየሳቅሁ፣ ጌታዬን እያመሰገንኩ ረሳሁት። እናቴ ጋ ስደውል «ቀስ በቀስ እንቁላል… አላልኩሽም?» አለችኝ። ለእናት አፍ አይመለስም፤ «ብለሽኛል» አልኳት። ባሌ ጋ ደውዬ «ሄደ!» አልኩት።

«ምን ይዞ?» አለኝ።

«ምንም።»

 ከዚያ ደንበኛ መጣ ብሎ ስልኩን ዘጋው፤ እኔም ተናደድኩ።

ጆሃንስበርግ የደረስነው ከሰዓት በኋላ ነው። ከአውቶቡሱ ታክሲ ይዘን ኦሬንጅ ፋርም እስክንገባ ድረስ በዕቃው ጉዳይ የምናገረውን ስደረድር ቆየሁ፤ ገና ግማሹ ላይ ስደርስ ለብቻዬ ተቆጣሁ። ለጎጎ ውሃቸውን በር ላይ ሰጥቼ ገባሁ።  ዱቄቱ በሙሉ አልጋችን የነበረበት ቦታ ላይ እስከ ጣራ ተቆልሏል። ሣጥኖቹ ግድግዳ ተለጥፈዋል። ከመጋረጃው እስከ በርግላሩ ድረስ ወለሉ ታጥቦ ባዶ ነው፤ ሲሚንቶው ቀይ መሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው።

«አልጋውስ?» አልኩት።

«ጎጎ ቤት። ፍራሹን ማታ እናነጥፋለን» አለኝ። «ወለሉ ቀን የእሱ ነው፣ ማታ የእኛ።»

ይህን ብሎ ሄዶ በርግላሩ ሥር፣ ጀርባውን ለብረቱ ሰጥቶ ቁጢጥ አለ። ልጁን መጋረጃው አጠገብ አወረድኩት። የሚይዘውን ፈለገ፤ ዱቄቱ ሩቅ ነው። ወደ እኔ ዞረ፤ ቀሚሴን ሰበሰብኩበት። ደንበኛ መጥቶ «ማይ ፍሬንድ! ዳቦ!» እያለ ብረቱን በሳንቲም ይመታል። ባሌ ደንበኛ አስጠብቆ አያውቅም፤ ታሞ እንኳ ተነሥቶ ይሸጣል። ያን ቀን ዞሮም አላየው። ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ ዓይኑን ከልጁ ሳይነቅል፣ «ወፌ ቆመች» አለ።  ደጋግሞ አለው፣ ልጁ መጥቶ እጁ ላይ እስኪወድቅ ድረስ።