ሽቦ ያሻገረው ሰላምታ

ሽቦ የምንለው ቀጭን ስለሆነ ነው። ከነካፖርቱ ቢመዘን ከመፍቻ ሳጥኑ አይበልጥም እያልን እንስቅበት ነበር፤ እሱም አብሮን ይስቃል። የቴሌቪዥን ማሰራጫ ጣቢያ ቴክኒሻን ነው፤ የሸበተውም ማማ ላይ ሲወጣና ሲወርድ ነው። እኔ ሹፌሩ ነኝ። ብዙ ዘመን ከጎኑ ስለተቀመጥኩ አፍ አውጥቶ ያልነገረኝንም አውቃለሁ።

ስለ ሥራው ሲጠየቅ መልሱ አንድ ነበር። «የተቀበልኩትን ሳልጨምር ሳልቀንስ ማሳለፍ ነው» ይላል። ከወዲያ ማዶ የመጣውን ተቀብሎ ለወዲህ ማዶ መስጠት፣ በቃ። ሰውም እንደ ማሰራጫ ቢሆን ሐሜት ይጠፋ ነበር ሲለኝ፣ ሐሜት ከጠፋ ሹፌር በምን ይኖራል እለዋለሁ።

ታላቅ እህቱ ከሸንተረሩ ጀርባ፣ ሸለቆው ውስጥ ይኖራሉ። እትዬ ነው የሚላቸው፤ እኔም እሱን ተከትዬ እትዬ አልኳቸው። ባል የሞተባቸው፣ ልባቸው የደከመ ሴት ናቸው። አንዲት ልጃቸው ዋናው ከተማ ገብታ በቴሌቪዥን የአየር ጠባይ ትናገራለች። ሸንተረሩ ስለሚጋርደው ሸለቆው ውስጥ ስልክ አይሰራም። የቴሌቪዥኑም ምስል ጉንዳን የወረረው ነው፤ ያንን የሚርመሰመስ ነጠብጣብ እኛ የጣቢያው ሰዎች ጉንዳን እንለዋለን። እትዬ ከቀትር ዜና በኋላ በጉንዳኑ መሀል ካርታ ፊት የቆመች የሴት ጥላ ያያሉ። ድምጿን የቴሌቪዥኑ ሽሽሽ የሚል ጩኸት ይውጠዋል። ግን ልጃቸው ናት፤ ይበቃቸው ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ ልጅቷ ለአጎቷ ትደውላለች። እሱ ጣቢያው ላይ ሆኖ ያዳምጣል፤ ከዚያ በመኪና ሸለቆው ወርደን ቃል በቃል ይነግራቸዋል። «እትዬ፣ ‹ለእማዬ ጉንፋኔ ለቀቀኝ በላት› ብላለች።» ስቃ ከሆነ ይስቅላቸዋል፤ አስነጥሷት ከሆነም ያስነጥሳል። እትዬ በሳቅ ዕንባቸውን እየጠረጉ፣ ልጃቸው የላከችላቸውን ሚስማር ላይ የተሰቀለ ካፖርት ያሳዩናል። አንድ ቀን ለብሰውት አላየሁም፤ ለክብር ነው ይላሉ።

ዲጂታል ስርጭት ሲመጣ ሽቦ ለሸለቆው ያላንኳኳው ቢሮ የለም። ሸንተረሩ ላይ አንዲት ትንሽ ማሰራጫ ትተከል፤ ትልቁን ጣቢያም ታያለች፣ ሸለቆውንም ታያለች እያለ ለመነ። ምክንያቱንም አይደብቅም። «እህቴ የልጇን ፊት ጥርት አድርጋ ትየው» ይላል።

ጥያቄው ገና ጠረጴዛ ላይ ሳለ ልጅቷ ሞተች። አጭር ሕመም ነበር። ስልኩ የተደወለለት መኪና ውስጥ፣ ከጎኔ ተቀምጦ ሳለ ነው። ስልኩን ዘግቶ ወደ እኔ ዞረ።

«ይሄን እንዴት አድርጌ ነው የማሻግረው?» አለኝ።

ሐኪሙ እትዬ ድንገተኛ ነገር እንዳይሰሙ አስጠንቅቆት ነበር። ለእትዬ ሥልጠና አለብኝ ብሎ ዋናው ከተማ ሄዶ፣ ልጅቷን ቀብሮ ተመለሰ። ካርታው ፊት ሌላ ልጅ ቆመች፤ በጉንዳኑ መሀል ጥላ ያው ጥላ ነው። ቅዳሜ ሲደርስ ሸለቆው ወረድን። «እትዬ፣ ‹ለእማዬ ደህና ነኝ በላት› ብላለች» አለ፣ መሬት መሬቱን እያየ። እኔ ጎማ ልይ ብዬ ወጣሁ። ጎማው ምንም አልሆነም ነበር።

ሆድ ከአገር ይሰፋል ይባላል፤ የሽቦ ሆድ ግን ጠበበ። ዛሬ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ ሲል ከረመ። እስከዚያው ሰላምታውን ከራሱ ይፈጥር ጀመር። ሹመት አግኝታለች፣ ሥራ በዝቶባታል፣ ለዚህ ነው የማትመጣው ይላቸዋል። እትዬም ደስ ብሏቸው ለጎረቤት ይደግሙታል። እሱ ራሱ እየከሳ ሄደ፤ ሽቦ ምን የሚከሳ ነገር ነበረው?

በዚህ መሀል ጥያቄው ተፈቀደ። ያ ሁሉ ቢሮ ሲለመን ተኝቶ፣ አትምጣብኝ ሲባል መጣ። ሸንተረሩ ላይ ማሰራጫዋ ተተከለች፤ ሸለቆው ውስጥ በየቤቱ ሪሲቨር ገባ። የሙከራው ዕለት ሽቦ እውነቱን ሊነግራቸው ቆርጦ ነበር። ማሰራጫዋን ልታስጀምር የመጣችው ኢንጂነር፣ ለሙከራ በትንሽ ኃይል እንጀምር ስትል ፊቱ ፈካ።

«በትንሹ ከሆነ እትዬ ቤት የሚደርሰው ጉንዳን ብቻ ነው» አለኝ ቀስ ብሎ። «ሳይጠራ በፊት ወርጄ እነግራታለሁ።»

ኢንጂነሯ ሰምታው ኖሮ፣ «ጋሼ፣ ይሄኛውኮ ጉንዳን አያውቅም። ወይ የለም፣ ካለም ሙሉ ነው» አለችው። በትሕትና ነው የነገረችው።

ሽቦ ራሱን ነቀነቀ። የዲጂታሉን ሥልጠና ወስዷል፤ ያውቀዋል። ግን ዕድሜውን ሙሉ ምስል ቀስ በቀስ ሲጠራ ያየ ሰው ነው፤ በጭንቅላቱ ያወቀውን ሆዱ አላመነለትም።

ቀትር ላይ ማብሪያውን ተጫነችው። ወዲያው ከሸለቆው ጭብጨባና ሆታ ተሰማ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላል የአገሬ ሰው፤ ይሄኛው እያደር አልነበረም። ሽቦ መፍቻውን ጥሎ መኪናው ውስጥ ገባ። እንደዚያ ቀን ነድቼ አላውቅም።

ስንደርስ የእትዬ ቤት በጎረቤት ተሞልቷል። እሳቸው ቴሌቪዥኑ ፊት በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ካርታው ላይ የከተሞቹ ስም ይነበባል። ካርታው ፊት የቆመችው ልጅ የጆሮ ጌጧ ሳይቀር ይታያል።

«ይቺ የማን ልጅ ናት?» አሉ እትዬ፣ ሳይዞሩ።

ጎረቤቶቹ አንድ በአንድ ወጡ። ሽቦ እግራቸው ሥር ተቀመጠ።

«የኔዋስ?»

«የለችም፣ እትዬ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አምና፣ ብርዱ ሲገባ።»

እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። እኔ ልባቸው ቀጥ ይላል ብዬ የመኪናውን ቁልፍ ጨብጬ በሩ ላይ ቆሜያለሁ።

«ያን ሁሉ ሰላምታ ከየት ነበር የምታመጣልኝ?»

«ከራሴ።»

«የመጨረሻው የራሷ የቱ ነው? ሳትጨምር ሳትቀንስ ንገረኝ።»

«‹ለእማዬ ብርድ እየመጣ ነው በላት። ያን ካፖርት ከሚስማሩ አውርዳ ትልበሰው፤ ለማን ነው የምታስቀምጠው?› ብላለች።» ልጅቷ ይህን ስትል ስቃ ነበር። እሱም ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም።

«ያኔ ነግረኸኛል» አሉ እትዬ። «አልለበስኩትም።»

ተነሥተው ካፖርቱን ከሚስማሩ አወረዱ። ውጪ ሙቀቱ የጣሪያውን ቆርቆሮ ያንቋቋ ነበር። ሽቦ እጅጌውን ያዘላቸው። እስከ አንገታቸው ቆለፉትና ተመልሰው በርጩማው ላይ ተቀመጡ።