ከበርሜሉ ወጥቻለሁ

ዛሬ ሸዋ ሮቢት ላይ አንዲት ማንጎ ሻጭ እናት ገና ሲያዩኝ ጮክ ብለው «ይሄን ሰውዬ አላውቀውም!» አሉ።

እኔም አላውቃቸውም። ወደ ካራቆሬ ስሄድ ሚኒባሱ ጎማ ሊያስነፋ ቢቆም ነው የወረድኩት። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ማንጎ አማረኝ።

ጠጋ ስል በሹክሹክታ «አይዞህ፣ አላጋልጥህም» አሉኝ።

ያኔ ገባኝ። አምስተኛው ክፍል ላይ የተቋረጠ፣ ተኩስ የበዛበት የቴሌቪዥን ድራማ ነበር አይደል? ሽንኩርት ነጋዴ መስሎ ወንበዴዎች መሀል የገባው ሲቪል ለባሽ ፖሊስ እኔ ነበርኩ። (እናቴ እንኳን ሁለተኛው ክፍል ላይ ነው የተወችው።)

«እትዬ፣ እኔ እኮ ተዋናይ ነኝ» አልኳቸው።

«አዎ፣ እንደሱ በል» ብለው ጠቀሱኝ። አጠገባቸው ያሉት ሻጮችም «እኛም አናውቀውም!» አሉ። አንድ የባጃጅ ሹፌር ደግሞ ሳልጠይቀው መንጃ ፈቃዱን አወጣ።

ማንጎዬን ይዤ ልሄድ ስል እናትየዋ እጄን ያዙኝ። «ድራማው ሲቆም በርሜል ውስጥ ተደብቀህ፣ ወንበዴዎቹ ክዳኑን ሊከፍቱ ነበር። ዱዓ ሳደርግልህ ነው የከረምኩት። ወጣህ?»

መውጣት አለመውጣቴን ደራሲውም አያውቅም።

«አልሐምዱሊላህ፣ በሰላም ወጣሁ።»

ቆጣ አሉ። «ታዲያ ሰው ይጨነቃል አይባልም? ብቅ ብለህ አትናገርም?»

ይኸው ተናገርኩ። እናንተም በርሜል ውስጥ የቀረባችሁ የድራማ ሰው ካለ ስሙን ጻፉልኝ፤ እኚህ እናት ዱዓ ያደርጉለታል።