ወንበር ያለው ጎተራ

ሳሎናችን ግድግዳ ላይ በመስታወት የታሰረ የምስክር ወረቀት አለ። አባዬ «የተሻሻለ የእህል ጎተራ» ስለሠራ የተሰጠው ነው፤ ማህተምም አለበት። እንግዳ በመጣ ቁጥር እናቴ ታሳያለች፣ እንግዳው «ይበል ይበል» ይላል፣ እኔ ደግሞ ተነስቼ ጓዳ እገባለሁ። ውሸት ነዋ። አባዬ በዕድሜው ጎተራ ሠርቶ አያውቅም። እኔና እሱ የሠራነው መንኮራኩር ነው።

አስራ አንድ ዓመቴ ነበር። አባዬ ፍኖተ ሰላም ግቢያችን ውስጥ ብየዳ ቤት ነበረው፤ በር፣ መስኮት፣ አልጋ ይሠራል። የዚያን ጊዜ የከተማችን ልጅ የነበረ ሁሉ ቪዲዮ ቤቱን አይረሳውም፤ በሩ ላይ ብርድ ልብስ የተጋረደበት፣ የላብና የቆሎ ሽታ ያለበት፣ ሴት ልጅ የማትገባበት። እኔ ግን እገባ ነበር። አግዳሚዎቹን የበየደው አባዬ ስለሆነ ከበር የሚመልሰን የለም። አንድ ቀን ጠፈር ላይ የሚንከራተቱ ሰዎች ያሉበት ፊልም አየን። ከትልቋ መርከብ ሆድ የምትወጣ፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ ትንሽ መንኮራኩር ነበረችበት። ወደ ቤት ስንመለስ አባዬ የግቢያችን በር ላይ ቆመና «ይህችንማ መሥራት ይቻላል» አለ።

ያንኑ ፊልም ሦስት ጊዜ ተመላልሰን አየነው። ልኳን ያገኘነው ፊልሙ ላይ ባለው ሰውዬ ቁመት ነው። «በሩ ላይ ሲቆም ከራሱ በላይ ስንት ስንዝር ይቀራል?» ይለኛል በሹክሹክታ፣ እኔ በጨለማ ደብተሬ ላይ እጭራለሁ። ቤት ስንገባ አባዬ ሰውየውን ሆኖ ግድግዳው ጋ ይቆማል፣ እኔ በጠመኔ አሰምራለሁ። ፈረንጁ ሳይረዝም አይቀርም ብለን ሁሉም ላይ አንድ አንድ ስንዝር ጨመርንበት። የልጅ መጫወቻ አልነበረችም፤ ልክ እንደ ፊልሟ፣ ሙሉዋን ነው የሠራናት። በዓል ቀን መዶሻ አይነሳም፣ ስለዚህ በዓል ሲሆን ስንለካና ስንስል እንውላለን፤ በማግስቱ እንቆርጣለን።

አጥንቷ ቱቦላሬ የሚሉት ውስጡ ክፍት ብረት ነው፣ ቆዳዋ ተቀዶ የተዘረጋ የዘይት በርሜል። ሦስት እግር ነበራት፣ እያንዳንዱ እግር ወገቡ ላይ እንደ ጃንጥላ የተደፋ ሳህን አለው፤ ፊልሙ ላይ እንደዚያ ስለነበር። ከላይ ሰው የሚገባበት ክብ መዝጊያ፣ ከታች እሳት የሚወጣበት ትንሽ ቀዳዳ። ውስጧ ያለውን ወንበር አባዬ በኔ ጉልበት ለክቶ ነው የበየደው። የተቃጠለው ኤሌክትሮድ ሽታ ፀጉሬ ውስጥ ያድራል፣ እናቴ «ያችን ልጅ ዓይኗን አጥፍቶ ሊሰጠኝ ነው» እያለች ታጉረመርማለች፣ እኔ ጥቁሩን መነጽር አድርጌ ብረት እይዛለሁ። እንደዚያ ጊዜ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ስህተቴ ክፍል ውስጥ ማውራቴ ነው። የትምህርት መዝጊያ ቀን ይዘናት እንመጣለን አልሁ። ወንዶቹ ሳቁብኝ። «አንች? ይልቅ ምድጃ ሠርተሽ አምጭ» አለኝ ከኋላዬ የሚቀመጠው። ለአባዬ ስነግረው «ጋሪ ተከራይተን እናስገባታለን፣ አንች ውስጧ ተቀምጠሽ» አለኝ። ቃል ገባልኝ።

የትምህርት መዝጊያው ሁለት ሳምንት ሲቀረው አያ ታከለ መጡ። የአባዬ የክርስትና አባት ናቸው፤ ቡሬ አጠገብ ገጠር ነው የሚኖሩት። የቤት በር ሊያሠሩ ነበር የመጡት። መንኮራኩሯን ሲያዩ በሩን ረሱት። ዙሪያዋን ሄዱ፣ በዱላቸው መታ መታ አደረጓት፣ እግሯ ላይ ያለውን ሳህን በእጃቸው ዳሰሱ።

«ደሳለኝ፣ ይህ ጎተራ ነው?»

አባዬ እሳቸውን አየ፣ መዶሻውን አየ፣ እኔን አየ። የአርባ ዓመት ሰው፣ አምስት ወር ሙሉ ከልጁ ጋር ጠፈር የሚሄድ ነገር ስሠራ ከረምሁ ብሎ ለክርስትና አባቱ መናገር አፈረ።

«አዎ አያ» አለ።

«እኮ። አይጥ ይህን ሳህን አያልፈውም። ከላይ ይሞላል፣ ከታች ይቀዳል። የአምና በቆሎዬን እኮ አይጥ ነው የጨረሰው፤ ሰምተህ ነው ለካ። አስበህልኝ ነው ለካ።» ከዚያ ይመርቁት ጀመር። መሰላል አስደግፈው ወጡ፣ በላይኛው መዝጊያ አንገታቸውን አስገብተው ቆዩ፣ ቆዩ፣ ወረዱ። ምርቃታቸውን ካቆሙበት ቀጠሉ።

እኔ አፌን ልከፍት ስል አባዬ ዓይኑን አፈጠጠብኝ። ትልቅ ሰው ሲናገር ጣልቃ አይገባም። በማግስቱ ማዳበሪያ አራግፎ ባዶውን ወደ ቡሬ የሚመለስ አይሱዙ ተገኘ። እግሮቿን ፈትተው፣ በገመድ አስረው፣ አስተኝተው ወሰዷት። እናቴ ማታ ለአባዬ «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» አለችው።

መዝጊያ ቀን ባዶ እጄን ሄድሁ። «መንኮራኩርሽስ?» አለኝ ያ ልጅ። «ቡሬ አረፈች አሉ» አለው ጓደኛው፣ ክፍሉ በሙሉ ተንከተከተ። በዓመቱ ደግሞ የገጠሩ የግብርና ልማት ሠራተኛ ፎቶ አንስቷት፣ አባዬ ተጠርቶ ተጨበጨበለት፣ ያ ወረቀት መጣ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ። ዝንቡ ይቅር፣ የኔ መንኮራኩር ውስጥ ግን በቆሎ ገባ።

ዘንድሮ ሐምሌ ላይ ተመረቅሁ፣ በመካኒካል ኢንጂነሪንግ። አባዬ አያ ታከለ ካልመረቋት አይሆንም ብሎ ይዞኝ ሄደ። መንኮራኩሯ ጓሯቸው ውስጥ ቆማለች። ዝጋለች፣ ግን ቆማለች። ሐምሌ ስለሆነ በቆሎው አልቋል። አሥራ ሁለት ዓመት የታፈነው ንዴት ወጣብኝ፤ ምርቃቱን እንኳ አላስጨረስኋቸውም።

«አያ፣ ይህች ጎተራ አይደለችም» አልኋቸው።

አባዬ መሬት መሬት ያያል። አያ ታከለ ግን አልደነገጡም።

«አውቃለሁ ልጄ። ወንበር ያለው ጎተራ ማን አይቶ ያውቃል?»

«ታዲያ ለምን ወሰዷት?»

«አባትሽ ጎተራ ነው ሲለኝ አይደለም ልበለው? ሰጥቶኝ እምቢ ብለው ይቀየመኛል ብዬ ነዋ። ምን እንደሆነች እስካሁን አላወቅሁም። ወንበሩን ግን አላስነቀልሁም፤ ባዶ ስትሆን የልጅ ልጆቼ ይቀመጡበታል።»

እሱ እሳቸውን አፈረ፣ እሳቸው እሱን አፈሩ፣ እኔ ሁለቱንም። ሦስት ሰው ተከባብሮ አንዲት መንኮራኩር አጠፋ። ይህን ነው እንግዲህ ጨዋነት የሚሉት። መሰላሉን ወጥቼ ገባሁባት። የበቆሎ አቧራ ትሸታለች። ወንበሩ ላይ ተቀመጥሁ፣ ጉልበቴ ግን ላሜራውን ገፋው፤ ለአስራ አንድ ዓመት ልጅ የተለካ ነው። አባዬ ከውጭ በጣቱ ሁለቴ ቆረቆረ፣ ያኔ በይዶ ሲጨርስ እንደሚያደርገው። አልመለስሁለትም።

ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ አባዬ አጠገብ የተቀመጡ ሰውዬ ስለኔ ጠየቁት። ልጄ ናት፣ ዘንድሮ ተመረቀች አላቸው። «እሰይ። ለመሆኑ ምን መሥራት ትችላለች?» አሉት። አባዬ ለእንግዳ ሲመልስ ምን እንደሚል አውቃለሁ፤ መንግሥት ቤት ልትገባ ነው ይላል። መስኮቱን ማየት ጀመርሁ።

«መንኮራኩር» አለ።

ሰውየው አልሰሙም መሰል፣ «ምን?» አሉት። አባዬ ድምፁን ከፍ አደረገ። «የጠፈር መንኮራኩር። አንድ ሠርታለች። ቡሬ ናት።»

ሚኒባሱ በሙሉ ሳቀ። አባዬ አንገቱን አልደፋም። እኔ አልሳቅሁም፣ ይቅርም አላልሁትም፤ ያ ቃል ያኔ፣ ብየዳ ቤቱ ውስጥ፣ ወንበሩ ልኬ ሳለ ነበር መባል የነበረበት። ግን እስከ ፍኖተ ሰላም ድረስ ትከሻው ላይ ተደግፌ ሄድሁ። ያኔ ከቪዲዮ ቤት ስንመለስ ትከሻው ላይ አልደርስም ነበር።