ግዝቷ የተፈታባት ደሴት

ችግኝ ጣቢያ ሥራ የጀመርኩ ዕለት ዶማ ወይም ውሃ ማጠጫ ይሰጠኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ፎርማናችን ጋሽ ደሴ ባዶ ጆንያ አስያዙኝና ወደ ወንዙ ወሰዱኝ። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር። ፍኖተ ሰላም ከተማ ዳር፣ ወንዙ ለሁለት ተከፍሎ መልሶ በሚገናኝበት ቦታ ሰው የማይኖርባት ትንሽ ደሴት ነበረች። ከዳር የተወረወረ ድንጋይ አልፏት ይወድቃል።

«ጫማሽን አውልቂ» አሉኝ።

«ለምን ጋሼ?»

«ይች ግዝት ናት። የጥንት ቄሶች ዛፏን የቆረጠ፣ መሬቷን የቆፈረ ውግዝ ይሁን ብለው ገዝተዋታል። የወደቀ ፍሬ መልቀም አልተከለከለም። እጅሽ ወደ ላይ እንዳይሄድ ብቻ።»

ግዝት የጣሰን ሰው ቤተ ክርስቲያን አትቀበለውም፤ ጎረቤት እንኳ እሳት አያስጭረውም። ስለዚህ በሁለቱም ዳር ባሕር ዛፍ ብቻ ሲቀር ደሴቷ ላይ ያሉት የዶቅማ ዛፎች ማንም ሳይነካቸው አርጅተው ነበር።

የዶቅማ ዘር ከደረቀ አይበቅልም። ተለቅሞ፣ ታጥቦ፣ ቶሎ መደብ ላይ መዘራት አለበት፤ ለከርሞ ተብሎ አይቀመጥም። ወደ ቡሬም ወደ ደምበጫም የምንልከው የዶቅማ ችግኝ ሁሉ ከእነዚያ ዛፎች ሥር የተለቀመ ነበር። ሌላ እናት ዛፍ በአቅራቢያችን አልነበረንም።

ጋሽ ደሴ ጡረታ ሲወጡ ፎርማን ሆንኩ። በዚያ ሰሞን አዲስ ኃላፊ መጣልን። ዛፍ የሚወድ፣ ቅን ሰው ነበር። ደሴቷን አይቶ «ይህቺማ ጥብቅ ሥፍራ መሆን አለባት» አለ። ደስታዬን አልደብቅም፤ ያን ቀን እየዘፈንኩ ነው ቤቴ የገባሁት።

የሽቦ አጥር መጣ፤ ታፔላ ተጻፈ፤ ጥበቃ ተቀጠረ። ባዶውን ቦታ በችግኝ እንሙላ ተባለና የቀን ሠራተኞች ዶማ ይዘው ወንዙ ዳር ደረሱ። አንዳቸውም አልተሻገሩም።

«እመቤቴ፣ ከፈለጉ ከሥራ ያባርሩን» አለኝ አንዱ። «በግዝት መሬት ዶማ አናነሳም።»

ኃላፊውና እኔ የደብሩ አለቃ አባ ይባቤ ዘንድ ሄድን። ለመትከያ ያህል ብቻ ግዝቱን እንዲያነሱልን ኃላፊው ለመናቸው።

«ለእናንተ ብቻ ብዬ አልፈታውም ልጄ። ከተፈታ ለሁሉም ተፈታ» አሉ አባ።

«ችግር የለም አባ። ከእንግዲህ ሕግ አለ፣ ጥበቃ አለ» አለ ኃላፊው።

አባ ወንዙ ወዳለበት አቅጣጫ ትንሽ አዩ። «እንግዲያ መንግሥት ከተረከበን እኛ ምን ቀረን» አሉ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ግዝቱን ፈቱ።

ችግኙ ተተክሎ ጥብቅ ሥፍራዋ ስትመረቅ እንግዶች ዶቅማው ጥላ ሥር ተቀምጠው አጨበጨቡ። በቀጣዩ በጋ የአጥሩ ሽቦ እየተሰረቀ የየሰዉ የጓሮ አጥር ሆነ። ከዚያ ሣር አጫጆች ገቡ፤ የተከልነው ችግኝም ከሣሩ ጋር ታጨደ። ጥር ሲደርስ ለሠርግ ዳስ ቅርንጫፍ ተቆረጠ፤ ጥበቃው የአንዱ ሙሽራ አጎት ነበር። አንድ ቀን ደግሞ፣ ድሮ ማጭድ ይዛ በዚያ በኩል እንኳ የማታልፈውን ጎረቤቴን እትዬ ጥሩን የዶቅማ እንጨት ተሸክማ አገኘኋት።

«ምነዋ እትዬ ጥሩ?»

«አይ እቴ፣ የመንግሥት ሆኗል አላሉም? የማንንም አልነካሁ» ብላኝ አለፈች።

ግምገማ ላይ ነገሩን አነሳሁ። ሰብሳቢው «የኅብረተሰቡ የግንዛቤ ማነስ ነው» ብሎ አለፈው። ኃላፊያችን አንገቱን ደፍቶ ነበር። ስንወጣ «አባ ዘንድ እንመለስ» አለኝ።

ሄደን እንዲገዝቱ ለመንናቸው። አባ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አሁን ምን ብዬ ልገዝት? የትናንቱን ፈቅጄ የዛሬውን ባወግዝ ማን ይፈራኛል? ደግሞ እጁን የሰበሰበ ቤት የለም። አገሩን ሁሉ አውግዤ ለቅሶውን ማን ሊደርስ፣ ክርስትናውን ማን ሊያነሳ ነው? አልችልም ልጄ።»

ኃላፊው እዚያው ደጀ ሰላሙ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። በዓመቱ ተዛውሮ ሄደ።

የመጨረሻው ዶቅማ ተቆርጦ የወደቀው ፍሬው ሳይበስል ነው። ወቅቱ ሲደርስ እንደ ልማዴ ጆንያዬን ይዤ ተሻገርኩ፤ ጫማዬንም አወለቅሁ። የሚለቀም ነገር አልነበረም። ክረምት ሲገባ ሥር የሌለውን አፈር ወንዙ ወሰደው።

ጡረታ እስክወጣ የባሕር ዛፍና የግራቪሊያ ችግኝ አፈላሁ። ዶቅማ ግን አንድም አላበቀልኩም። ይመለሳል ብዬም አልጠብቅም፤ ተስፋ ቆርጫለሁ። «ጥብቅ ሥፍራ» የሚለው ታፔላ አሁንም ወንዙ መሐል ድንጋይ ላይ ቆሟል።

ሥራ የምትጀምሩ ልጆች፣ አንድ ቦታ ልትጠብቁ ስትሄዱ እስከዚያ ቀን ማን ሲጠብቀው እንደቆየ ጠይቁ። ያን የቆየ ጠባቂ ከቦታው ሳታነሱ መሥራት ካልቻላችሁ ዶማችሁን ይዛችሁ ተመለሱ።