የባየሽ ካርድ

ከድርቁ ተርፈው ኮኪት በተባለው ቆላ የሰፈሩትን ሰዎች ሕክምና መንግሥት በውል ለአንድ ድርጅት አስረከበ። አዲሶቹ ሰዎችም፣ እንደ አዲስ ሹም ሁሉ፣ ሥራቸውን በምዝገባ ጀመሩ።

ለወባ መርፌ ጤና ጣቢያው ስመላለስ አንዲት ሴትዮ ሳምንቱን ሙሉ አይቻለሁ። ነጠላዋ ከማሽላው አረም ወጥታ በቀጥታ እንደመጣች ያሳብቃል፤ ጫፉ ላይ የቋጠረችውን የድሮ ካርድ በየደቂቃው ትዳብሰዋለች። «ባየሽ!» ተብላ ስትጠራ አንድም ቀን በመጀመሪያው ጥሪ ተነሥታ አታውቅም። በሁለተኛው ትደነግጣለች፤ በሦስተኛው «አቤት!» ትላለች። ነርሷ ጆሮዋን መርምራ ምንም አላገኘችበትም። ምን ታገኛለች? ከኋላዋ የሚንሾካሾከውን ሁሉ ትሰማ የለም እንዴ!

ዛሬ የድርጅቱ ጸሐፊ ከመዝገቡ ቀና ሳይል፣ «እናቴ፣ ስምዎት ማን ነው?» አላት።

«የካርዱን ነው የኔን?» አለች በወሎ ቅላጼዋ።

ጸሐፊው ብዕሩን አስቀምጦ አያት። ሴትዮዋ ቋጠሮውን ፈትታ፣ ካርዱን በመዳፏ አቅንታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ይኸ ለባየሽ የወጣ ነው። በድርቁ ጊዜ መጠለያው ውስጥ ከጎኔ ነበር የምትተኛ» አለችው። «አንድ ቀን ጧት እህል ሊሰፈር ስሟ ሲጠራ እሷ አልነቃችም። እኔ አቤት አልሁ።»