ቆዳው ያልተቀበለው ሽጉጥ

ባለፈው ሳምንት ባንክ በር ላይ ተሰልፌ ሳለ ዓይኔ የዘበኛው ወገብ ላይ አረፈ። የሽጉጡ አፎት ማሰሪያ ተፈትቶ ይንጠለጠላል። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አልኩ። ዘበኛውን ልጅ አላውቀውም፤ ፍርሃቴ ግን የቆየ ነው።

አባቴ ጅማ መርካቶ ውስጥ ኮርቻና ቀበቶ ሰፊ ነበር። በደርግ ጊዜ ፈረሰኛው አንሶ ታጣቂው ሲበዛ የሽጉጥ አፎት መስፋት ጀመረ። እኔም ከአራተኛ ክፍል ወጥቼ ክሩን ሰም እቀባለት ነበር። ታጣቂ ሽጉጡን ትቶ አይሄድምና አባቴ ለክቶ አምሳያውን ከዋንዛ እንጨት ይቀርጻል፤ የራሰውን ቆዳ በእንጨቱ ላይ ወጥሮ ያደርቃል። እያንዳንዱ ብረት ለምን እንደተሠራ ሳይጠይቅ ግን ቢላዋ አያነሳም። የእጀታው ቀለበት ሽጉጡ ከበቅሎ ላይ እንዳይወድቅ ገመድ ማሰሪያ ነው። በጎኑ ያለችው ትንሽ ብረት ደግሞ ምላጩን መቆለፊያ ናት። አባቴ እሷን ሁልጊዜ እንደተቆለፈች ነው የሚቀርጻት። ያልተቆለፈ ሽጉጥ እሱ የሰፋው አፎት ውስጥ አይገባም፤ ቆዳው ይገፋዋል።

ተስፋዬ የሚባል የአብዮት ጥበቃ አዛዥ አባቴ ዘንድ አንድ አፎት አሰፋ። ቡና በሚሰጣበት ወር ከአጋሮ ሲመለስ ከመኪና ዘሎ ሲወርድ ሽጉጡ እዚያው አፎቱ ውስጥ ተኮሰና ጭኑን በሳው። አባቴን “አሻጥር ሠርተሃል” ብለው ቀበሌ አሰሩት።

ስንቅ የማመላልሰው እኔ ነበርኩ። ምግብ ሳይነካ ሲመለስ እስረኛው ተገድሏል ማለት እንደሆነ በዚያ ዘመን ሁሉም ያውቃል። ሁለት ቀን ጨጨብሳው ተበልቶ ሳህኑ ባዶውን መጣ። በሦስተኛው ቀን ቅቤው ረግቶ እንዳለ ተመለሰልኝ።

“አባቴ የት ነው?” አልኩት ጠባቂውን።

“አለ። አልበላም ብሎ ነው። አሁን ስብሰባ ፊት ሊያቀርቡት ነው።”

ቤት ሮጬ አባቴ የተስፋዬን ሽጉጥ አምሳያ የቀረጸበትን እንጨት ይዤ ተመለስኩ። አዳራሹ ውስጥ ከሻርፔ ስር ሳወጣው የፊት ወንበር ላይ የነበሩት ሁሉ መሬት ተኙ።

“እንጨት ነው! ወላሂ እንጨት ነው!”

የቀበሌው ሊቀመንበር ላቡን ጠረገ። “አንቺ ልጅ፣ ራስሽን ልታስገድይ ነው?”

“ጠረጴዛው ላይ ያለውን አፎት ከውስጥ ይዩት፣ ጓድ። መቆለፊያው የሚያርፍበት ቦታ በቢላዋ ካልተፋቀ ያልተቆለፈ ሽጉጥ አይገባበትም። አባቴ የሰፋውን አይፍቅም። እንጨቱን ያስገቡትና ክፍተቱን ይዩ።”

አስገባው። በክፍተቱ ጣቱን ሰደደና በክራንች ተደግፎ ወደተቀመጠው ተስፋዬ ዞረ።

“ማነው የፋቀው?”

“ጠላት ሲመጣብኝ ገና መቆለፊያ ስከፍት ልቆይ ነው እንዴ?” አለ ተስፋዬ አፍንጫውን ነፍቶ። በገዛ አፉ ተናገረው።

አባቴን በዚያው ቀን ፈቱት፤ ነገር ግን ለዚያው ሰውዬ ሌላ አፎት እንዲሰፋ አዘዙት። ተቃጠልኩ። “ይቅርታ እንኳ ሳይጠይቅህ? ክሩን አልቀባም!”

አባቴ ቆዳውን ከውሃ እያወጣ “ዺሲ፣ ተይው ልጄ” አለኝ። “መቆለፊያው ለሱ መሰለሽ? አጠገቡ ለሚቆመው ነው።” መቆለፊያው በሚያርፍበት ቦታ ላይ ዳግም እንዳይፋቅ ቆዳውን ደርቦ ሰፋው። እኔም እያለቀስኩ ክሩን ቀባሁ።

ያ ድርብ ቆዳ ማንን እንዳተረፈ አላውቅም፤ የተረፈውም ሰው አያውቅም።

ባንኩ በር ላይ ተራዬ ደረሰ። “እማማ፣ ይግቡ” አለኝ ዘበኛው።

“መጀመሪያ የሽጉጥህን አፎት ዝጋው።”

ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ከኋላዬ ልጅ ያዘለች ሴት ቆማለች። የማሰሪያው ቁልፍ ቀጭ ሲል ሰምቼ ገባሁ።